ምዕራፍ 6፦ የጎደለችው ማዕዘን

ድሬዳዋ ዳገት የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ደጋው ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር የሚይዘው ነገር ትንሽ ስለሆነ፣ መኪና ሳይቸገር የሚወጣውን አቀበት ሎኮሞቲቭ ይንሸራተትበታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሐረርን በደጋዋ ትተው ሐዲዱን ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ዘረጉት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) እዚያ ሲደርስ ከተማ ተቆረቆረች፤ ምኒልክ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሏት።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የ700 ሜትር ልዩነት ዛሬም የትም አልሄደም። በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣው የመኪና መንገድ ያን ያህል የሚጠማዘዘው እሱን ለመወጣት ነው። ይህን መንገድ ከጎኑ ቆርጠን ብናየው ሁለት ዓይነት መስመር እናገኛለን። አንደኛው ቀጥ ያለ ነው፤ በየመቶ ሜትሩ እኩል ይወጣል ወይም እኩል ይወርዳል። ሁለተኛው ቁልቁለቱ አልቆ አቀበቱ በሚጀምርበት፣ አለዚያም አቀበቱ አልቆ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ቦታ የሚገኘው ጎባጣ መስመር ነው። ሁለቱ ቀጥታ መስመሮች እንዲሁ በሹል ቢጋጠሙ መኪናው ይመታል፤ ጉብታ ከሆነም ሾፌሩ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። ስለዚህ መጋጠሚያው ይለሰልሳል። ለዚህ ሥራ የመንገድ መሐንዲሶች የሚመርጡት ቅርጽ ፓራቦላ ይባላል። በፓራቦላ ላይ ተዳፋቱ በየሜትሩ በእኩል መጠን ስለሚለወጥ ተሳፋሪው ከቁልቁለት ወደ አቀበት መሻገሩ ሳይታወቀው ይሻገራል።

ፓራቦላ በቀመር ሲጻፍ ኳድራቲክ ይሆናል፤ ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ ማለትም በዳግም ርቢ፣ ይገባበታል። ዘጠነኛ ክፍልን ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ብዙዎቻችን ግን የቀረልን አንድ ረጅም ቀመር ብቻ ነው፤ ያ መሃሉ ላይ «ፕላስ ማይነስ» ያለበት። ክፍል ውስጥ ቀመሩ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሌላ ዘዴ ተምረን ነበር፦ ካሬ ማሟላት። ተማሪ ይህን ዘዴ እንደ ረጅም መንገድ ይቆጥረውና ቀመሩን ባገኘ ማግስት ይጥለዋል። ይህ ምዕራፍ የተጣለውን አንሥቶ ያያል። ኳድራቲክ ሁሉ አንድ መሃል አለው፤ ካሬ ማሟላት ያንን መሃል ማግኘት ነው። መሃሉ ከተገኘ መልሱም፣ ግራፉም፣ ቀመሩም ራሳቸውን ችለው ይመጣሉ።

ክፍሉና ሁለቱ በረንዳዎች

የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቤት ሲሠራ በረንዳ አይረሳም። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ አንድ ካሬ ክፍል አለ እንበል፤ የጎኑን ርዝመት ግን አናውቅም። በፊት ለፊቱና በቀኙ 3 ሜትር ወርድ ያለው በረንዳ ተሠርቶለታል። በረንዳዎቹ ክፍሉ ካለቀበት አያልፉም፤ ስለዚህ ማዕዘኑ ላይ አይገናኙም፣ እዚያ ባዶ ቦታ አለ። «ስንት ካሬ ነው?» ተብሎ ሲለካ ክፍሉና ሁለቱ በረንዳዎች በአንድነት 91 ካሬ ሜትር ሆኑ። የክፍሉ ጎን ስንት ሜትር ነው?

ጎኑን «ጎ» እንበለው። የክፍሉ ስፋት ጎ² ነው። እያንዳንዱ በረንዳ ርዝመቱ ጎ፣ ወርዱ 3 ስለሆነ ስፋቱ 3ጎ ነው፤ ሁለቱ 6ጎ ይሆናሉ። ስለዚህ፦

ጎ² + 6ጎ = 91

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው «ጎ» ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መልክ መግባቱ ነው። አንድ ጊዜ በራሱ ተባዝቷል፣ አንድ ጊዜ በ6 ተባዝቷል። ጎ² = 91 ቢሆን ኖሮ ዳግም ዘሩን ወስደን እንገላገል ነበር። 6ጎ = 91 ቢሆንም ለ6 ማካፈል ይበቃል። ሁለቱ ሲደመሩ ግን አንዱን ይዘን ሌላውን ማስለቀቅ አንችልም።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስና ከላይ ሆነን እንየው። ክፍሉና በረንዳዎቹ አንድ ላይ አንድ ማዕዘኑ የጎደለ ትልቅ ካሬ ይመስላሉ። የትልቁ ካሬ ጎን ጎ + 3 ነው። የጎደለችው ማዕዘን ደግሞ 3 በ3 የሆነች ትንሽ ካሬ ናት፤ ስፋቷ 9። ልብ በሉ፦ የክፍሉን ጎን ሳናውቅ የማዕዘኗን ስፋት አወቅን። የበረንዳው ወርድ ብቻ ይበቃልና።

ማዕዘኗን እንሙላት። በግራ በኩል 9 ስንጨምር በቀኝም 9 እንጨምራለን፦

ጎ² + 6ጎ + 9 = 100
(ጎ + 3)² = 100

ትልቁ ካሬ 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ጎኑም 10 ሜትር። የበረንዳውን 3 ሜትር ስንቀንስ ክፍሉ 7 ሜትር በ7 ሜትር ነው። እናረጋግጥ፦ 49 እና 42 ሲደመሩ 91።

ተማሪ በቃሉ የሚይዘው መመሪያ «የመሃሉን ቁጥር ግማሽ ወስደህ በራሱ አባዛው» የሚል ነው። ግማሹ ከየት እንደመጣ አሁን በዓይን ይታያል። 6 የሁለቱ በረንዳዎች ድምር ወርድ ስለሆነ፣ ካሬው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲያድግ ለሁለት ጎን እኩል መከፈል አለበት። ስድስቱን ሜትር በአንድ ጎን ብቻ ብንለጥፈው ስፋቱ ያው ይሆን ነበር፤ ቅርጹ ግን ረጅም ሬክታንግል ሆኖ ይቀራል፣ የሚሞላ ማዕዘንም አይገኝለትም።

ባግዳድና ከባግዳድ በፊት

ይህ ሥዕል ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ኸሊፋው አል-ማሙን በነገሠበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833)፣ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኽዋሪዝሚ ባግዳድ ውስጥ ስለ እኩልታዎች አንድ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ለርስት ክፍፍል፣ ለንግድ፣ ለመሬት ልኬትና ለቦይ ቁፋሮ እንዲጠቅም የታሰበ ነበር። በዛሬው አጻጻፍ በጣም የታወቀው ጥያቄው ይህ ነው፦

ጎ² + 10ጎ = 39

አል-ኽዋሪዝሚ ግን ምልክት አልነበረውም። የመደመር ምልክት የለም፣ የእኩል ምልክት የለም፣ ላልታወቀው ቁጥር የሚቆም ፊደል የለም። ሁሉን በቃላት ነው የጻፈው፤ መልሱ ትክክል መሆኑን ያሳየውም በሥዕል ነው። ካሬው ላይ 5 ወርድ ያላቸው ሁለት ሬክታንግሎች ለጠፈ፣ የጎደለችውን 25 ሞላ፣ 64 አገኘ። የ64 ዳግም ዘር 8 ነው፤ 5 ሲቀነስ 3። ከእኛው በረንዳ የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከእሱም ይቀድማል። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ የባቢሎን የሸክላ ጽሑፍ፣ ወደ 3,800 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው፣ የሚጀምረው በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ የካሬው ስፋትና ጎኑ ተደምረው ሦስት አራተኛ ሆኑ፤ ጎኑ ስንት ነው? ጸሐፊው 1ን ለሁለት ከፍሎ ግማሽ አገኘ፤ ግማሽን በራሱ አባዝቶ አንድ አራተኛ አገኘ፤ ሦስት አራተኛ ላይ ደምሮ 1 አገኘ፤ ከ1 ዳግም ዘር ላይ ግማሽ ቀንሶ ጎኑ ግማሽ ነው አለ። እርምጃዎቹ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ከሚጻፉት አንድም አይለዩም።

በሁለቱም ዘንድ አንድ ነገር ጎድሏል። (ጎ + 5)² = 64 ሲሆን፣ ጎ + 5 አሉታዊ 8 ቢሆንም ያስኬዳል፤ አሉታዊ 8 በራሱ ሲባዛ 64 ነውና። ያኔ ጎ = −13 ይሆናል። አል-ኽዋሪዝሚ ይህን አልቆጠረውም፤ ከዜሮ በታች ርዝመት ያለው ጎን ስለሌለ። ለግድግዳና ለመሬት ልክ ነበር። ቀጥሎ እንደምናየው ግን ሁለተኛው መልስ ቁም ነገር የሚይዝበት ቦታ አለ።

ደንገጎ ላይ ፍሬን መያዝ

አንድ ሾፌር ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ እየወረደ ነው። ከኩርባው ወዲያ ያለው አይታየውም፤ የሚታየው 20 ሜትር ብቻ ነው። ድንገት ፍየል መንገዱ ላይ ብትገኝ ሳይመታት ለመቆም በስንት ፍጥነት መንዳት ነበረበት?

መኪና እስኪቆም ድረስ የሚሄደው ርቀት ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ የሚሄደው ነው። ይህ አንድ ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ፍ ሜትር ከሆነ፣ ርቀቱ ራሱ ፍ ሜትር ነው። ሁለተኛው ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ያለው ነው፤ ይህኛው ከፍጥነቱ ዳግም ርቢ ጋር ያድጋል። ፍሬኑ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚቀንስ ከሆነ፣ ርቀቱ ፍ² ለ10 ተካፍሎ ይገኛል። ሁለቱ ተደምረው 20 ሜትር መሆን አለባቸው፦

ፍ²/10 + ፍ = 20

ሁሉንም በ10 ስናባዛ፦

ፍ² + 10ፍ = 200

ይህ የአል-ኽዋሪዝሚ እኩልታ ነው፤ በ39 ፈንታ 200 ገባበት እንጂ። የሚሞላው ማዕዘን ያው 25 ነው። (ፍ + 5)² = 225፤ የ225 ዳግም ዘር 15፤ ስለዚህ ፍ = 10። በሰከንድ 10 ሜትር ማለት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን ቀጥ ያለ ቦታ ደረሰና 60 ሜትር ታየው እንበል። ፍ² + 10ፍ = 600፤ 25 ሲጨመር 625፤ ዳግም ዘሩ 25፤ ፍ = 20። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሦስት እጥፍ ሆነ። ሾፌሩ በልቡ የሚያሰላው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ባለ መስመር ነው፤ «ፍጥነቴን እጥፍ ካደረግሁ እጥፍ ርቀት ይበቃኛል» ይላል። ኳድራቲክ ግን እንዲህ አያድግም። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የዳግም ርቢው ድርሻ እየከበደ ስለሚሄድ፣ በሚቀጥለው እጥፍ ጭማሪው ከሦስት እጥፍም ያልፋል። እነዚህ ቁጥሮች ለሒሳቡ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ መንገዱ ሲረጥብ፣ ጭነቱ ሲከብድ፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ 5 የተባለው ቁጥር ይወርዳል፣ የሚያስፈልገውም ርቀት ይረዝማል።

ውሃ መሃሉን ያውቃል

እስካሁን የፈለግነው አንድ ቁጥር ነበር። አሁን ጎባጣውን መስመር ራሱን እንሣል።

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ፣ ከዚራን በአንድ ወገን መጋላን በሌላው አድርጎ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳ፣ በድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እንዲህ ባለ ከተማ መንገድ የሚቀይስ ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ውሃው የት ይቆማል?» የሚል ነው።

ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ የሚወርድ መንገድ እናስብ። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር እየወረደ ይመጣል፤ ከወዲያ ማዶ በየ100 ሜትሩ 4 ሜትር እየወጣ ይሄዳል። ሁለቱን የሚያገናኘው ፓራቦላ 200 ሜትር ርዝመት አለው። ጎባጣው ከጀመረበት ቦታ ያለውን ርቀት «ር»፣ ከዚያ ነጥብ አንጻር ያለውን ከፍታ «ከ» ብንላቸው፦

ከ = 0.00025ር² − 0.06ር

0.06 መጀመሪያ ላይ ያለው ቁልቁለት ነው። 0.00025 የመጣው እንዲህ ነው፦ ተዳፋቱ ከ−0.06 ወደ +0.04 መለወጥ አለበት፤ ለውጡ 0.10 ነው። ይህ ለ200 ሜትር ሲካፈል በየሜትሩ 0.0005 ይሆናል። ከፍታው የሚጠራቀመው ግን ከመጨረሻው ተዳፋት ሳይሆን ከአማካዩ ስለሆነ ግማሹ ይወሰዳል።

ዝቅተኛው ነጥብ የት ነው? ብዙ ሰው «መሃሉ ላይ፣ 100ኛው ሜትር» ይላል። ካሬውን እናሟላና እንይ። መጀመሪያ 0.00025ን ከቅንፍ እናውጣው፦

ከ = 0.00025(ር² − 240ር)

የ240 ግማሽ 120 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 14,400። እዚህ ላይ ከበረንዳው የሚለይ ነገር አለ። ያኔ የእኩል ምልክቱ ሁለት ወገን ላይ ቁጥሮች ነበሩን፣ ለሁለቱም እኩል ጨመርን። አሁን የምንጨምረው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ የጨመርነውን እዚያው መቀነስ አለብን፤ አለዚያ መንገዱ ሌላ መንገድ ይሆናል፦

ከ = 0.00025(ር² − 240ር + 14,400 − 14,400)
ከ = 0.00025(ር − 120)² − 3.6

3.6 የተገኘው 14,400 በ0.00025 ተባዝቶ ነው። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ የሚቀነሰው ቁጥር ከቅንፍ ሲወጣ በውጭው ቁጥር መባዛቱ ይረሳል።

አሁን የመጨረሻውን መስመር እናንብበው። (ር − 120)² ካሬ ስለሆነ ከዜሮ በታች አይወርድም። ትንሹ ዋጋው ዜሮ ነው፤ እሱም ር = 120 ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ዝቅተኛ ነጥብ 120ኛው ሜትር ላይ፣ ከመነሻው 3.6 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። የቁልቁለቱ ወገን ከአቀበቱ ስለሚበረታ ዝቅታው ከመሃል አልፎ 20 ሜትር ወደ አቀበቱ ተገፍቷል። በግምት 100ኛው ሜትር ላይ የውሃ መውረጃ የሠራ ሰው መውረጃውን ከዝቅታው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ሠራው ማለት ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ተኝቶ ይቀራል።

ሁለቱ አጻጻፎች የሚናገሩት ስለ አንድ መንገድ ነው። የመጀመሪያው የሚለካው ጎባጣው ከጀመረበት፣ ለቀያሹ ከሚመቸው ቦታ ነው። ሁለተኛው የሚለካው መስመሩ ራሱ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው። −0.06ር የሚለው ቁራጭ መኖሩ የሚነግረን አለካካችን ከመሃል አለመጀመሩን ብቻ ነው፤ መለኪያችንን ወደ 120 ስናዛውረው ቁራጩ ይጠፋል። ውሃው ግን ቀያሹ ከየት እንደጀመረ አይጠይቅም።

ግራፉን ለመሣል ከዚህ በላይ ብዙ አያስፈልግም። ከመታጠፊያው እንነሣ። 20 ሜትር ወደ ቀኝ ስንሄድ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ወደ ግራ 20 ሜትር ስንሄድም ያው 10። በ40 ሜትር 40፣ በ60 ሜትር 90፣ በ80 ሜትር 160 ሳንቲ ሜትር። ቁጥሮቹ 1፣ 4፣ 9፣ 16 በ10 ተባዝተው ነው። በየእርምጃው የሚጨመረው ደግሞ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ነው፤ ጎዶሎ ቁጥሮች በተራ። ጋሊሊዮ የሚወድቅ አካል በእኩል ጊዜ የሚሄዳቸው ርቀቶች እነዚህኑ ጎዶሎ ቁጥሮች እንደሚከተሉ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ አሳይቷል፤ የተወረወረ ድንጋይ በፓራቦላ የሚሄደውም ከዚህ የተነሣ ነው። የቀኙን ካሰላን የግራው በነፃ ይመጣል፤ በ120 ላይ የቆመው ቀጥ ያለ መስመር ግራፉን እኩል ይከፍለዋልና።

አሁን አል-ኽዋሪዝሚ የተወው ሁለተኛ መልስ ቦታውን ያገኛል። ዘንቦ ውሃው ከዝቅታው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቆመ እንበል። መንገዱ ከየት እስከ የት ተሸፈነ?

0.00025(ር − 120)² = 0.4
(ር − 120)² = 1,600
ር − 120 = ±40

ር 80 ነው፣ ወይም 160። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ የውሃው የወዲህ ዳር ነው፣ ሌላው የወዲያ ዳር። 80 ሜትር መንገድ ተሸፍኗል። «ፕላስ ማይነስ» የሚለው ምልክት ወረቀት ላይ ሲታይ የሰዋስው ጉዳይ ይመስላል፤ እዚህ ግን ከመሃሉ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ተራመድ ማለት ነው። ውሃው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ደግሞ ዳሮቹ 100 እና 140 ይሆናሉ። ጥልቀቱ ወደ ሩብ ወረደ፣ የተሸፈነው መንገድ ግን ወደ ግማሽ ብቻ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ያን ያህል ሰፍቶ የሚተኛው ለዚህ ነው።

ውሃው ልክ ዝቅታው ላይ ብቻ ቢደርስ ሁለቱ ዳሮች አንድ ነጥብ ይሆናሉ፤ እኩልታው አንድ መልስ ብቻ ይኖረዋል። ከዝቅታው በታች ከሆነ ደግሞ መንገዱ ደርቋል፤ ሒሳቡም (ር − 120)² ከዜሮ ያነሰ ቁጥር ነው ይለናል። እንዲህ ያለ ካሬ በምናውቃቸው ቁጥሮች ውስጥ የለም። ሁለት መልስ፣ አንድ መልስ፣ ወይም ምንም፤ ኳድራቲክ እኩልታ ያለው ዕጣ ይኸው ነው።

ቀመሩ ከየት መጣ

አሁን በቁጥሮቹ ቦታ ፊደል እናስገባና ያንኑ ሥራ አንድ ጊዜ ለሁሉም እንሥራው፦

ሀጎ² + ለጎ + ሐ = 0

ሐን ወደ ቀኝ እናሻግር፣ ሁሉንም ለሀ እናካፍል፦

ጎ² + (ለ/ሀ)ጎ = −ሐ/ሀ

የመሃሉ ቁጥር ግማሽ ለ/2ሀ ነው። የጎደለችው ማዕዘን ስፋት የዚህ ዳግም ርቢ ነው። በሁለቱም ወገን እንጨምረው፦

(ጎ + ለ/2ሀ)² = (ለ² − 4ሀሐ)/4ሀ²

ዳግም ዘሩን እንውሰድ፦

ጎ = −ለ/2ሀ ± √(ለ² − 4ሀሐ)/2ሀ

በቃላችን የያዝነው ቀመር ይኸው ነው፤ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ተጻፈ እንጂ። መማሪያ መጻሕፍት በአንድ ክፍልፋይ ሰብስበው ስለሚያትሙት ትርጉሙ ይሸፈናል። የመጀመሪያው ቁራጭ መሃሉ የት እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ከመሃሉ ምን ያህል መራቅ እንዳለብን ይናገራል። በዳግም ዘሩ ሥር ያለው ለ² − 4ሀሐ አዎንታዊ ከሆነ ሁለት ዳር አለ፣ ዜሮ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ አሉታዊ ከሆነ ምንም።

በመንገዱ ላይ እንፈትነው። ውሃው 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን እኩልታው 0.00025ር² − 0.06ር + 3.2 = 0 ነው። መሃሉ 0.06 ለ0.0005 ሲካፈል 120። በዳግም ዘሩ ሥር 0.0036 ሲቀነስ 0.0032፣ ማለትም 0.0004 አለ፤ ዳግም ዘሩ 0.02፤ ለ0.0005 ሲካፈል 40። 120 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 40። ቀደም ብለን ያገኘነው ነው።

ወደ ላይ የሚጎብጥ ጉዳይ

እስካሁን ያየነው መንገድ ወደ ታች የጎበጠ ነው፤ መታጠፊያውም ዝቅታ ነበር። ከዳግም ርቢው ፊት ያለው ቁጥር አሉታዊ ሲሆን መታጠፊያው ከፍታ ይሆናል፤ «ከሁሉ የሚበልጠው ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

አንድ ሰው 40 ሜትር የሚሸፍን ቆርቆሮ ገዝቷል። ነባር የግንብ አጥር አለ፤ እሱን እንደ አንድ ጎን ተጠቅሞ በቀሩት ሦስት ጎኖች ቆርቆሮ አቁሞ ሬክታንግል ግቢ ሊያጥር ነው። ትልቁን ስፋት የሚያገኘው እንዴት ነው? ከግንቡ ወደ ውጭ የሚወጡትን ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸውን «ወ» ብንል፣ ለሦስተኛው የሚቀረው 40 − 2ወ ነው። ስፋቱ ወ(40 − 2ወ)፣ ማለትም −2ወ² + 40ወ ይሆናል። ካሬውን ስናሟላ፦

ስፋት = −2(ወ − 10)² + 200

ካሬው የሚቀነስ ስለሆነ፣ ዜሮ ሲሆን ስፋቱ ይበልጣል። ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር፤ 200 ካሬ። ብዙ ሰው ሦስቱን ጎኖች እኩል አድርጎ 13 ሜትር ከ33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይከፍላቸዋል፤ ያኔ የሚያገኘው 178 ካሬ ግድም ነው። 22 ካሬ ያህል መሬት በአሰላል ብቻ ቀረ፤ ቆርቆሮው ያው፣ ገንዘቡም ያው።

ለሙከራ

አንደኛ፦ ካሬ ክፍል በሁለት ጎኑ 4 ሜትር ወርድ ያለው በረንዳ አለው፤ ጠቅላላው 105 ካሬ ነው። የክፍሉ ጎን ስንት ነው? ሁለተኛ፦ ደንገጎ ላይ ያ ሾፌር 37.5 ሜትር ቢታየው በስንት ፍጥነት መንዳት ይችላል? ሦስተኛ፦ ወደ ደረቁ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ውሃው 90 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ዳሮቹ የት ናቸው?

መልሶቹ በተራ 7 ሜትር፣ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ 60ኛውና 180ኛው ሜትር ናቸው። ያገኛችሁት የተለየ ከሆነ ስሕተቱ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው፦ የመሃሉን ቁጥር ግማሽ ከማድረጋችሁ በፊት በራሱ አባዝታችሁት ይሆናል፤ ወይም ከዳግም ርቢው ፊት ያለውን ቁጥር ከቅንፍ ሳታወጡ ቀጥላችሁ ይሆናል፤ አለዚያም ከመሃሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ተራምዳችሁ ይሆናል።